የመውጫው መስመር

ጡረታ ወጣ ይሉኛል። እኔ አልወጣሁም፤ አወጡኝ። ኬክ ቆርሰው፣ ጋቢ አልብሰው፣ «ጋሽ ደምሴ፣ የቢሮአችን አባት» ብለው አጨብጭበው አወጡኝ። በማግስቱ የረሳሁትን መነጽር ልወስድ ስመለስ ወንበሬ ቦታው ላይ የለም። ሌላ ሰው ተቀምጦበት ቢሆን ባልከፋኝ። አንስተውታል። የሚሥለው ኮምፒዩተሩ ነዋ፤ ለእሱ ወንበር ምን ያደርግለታል?

ከጋቢው ጋር አንድ ጥቅል ወረቀት ሰጥተውኛል። ኮልፌ ባለችው ቁራሽ ቦታዬ ላይ እንድሠራው ኮምፒዩተሩ የሣለው የቤት ፕላን ነው። ስጦታ መሆኑ ነው። ቤት እንደሚያስፈልገን ቢሮው ሁሉ ያውቅ ነበር። የጭቃ ቤታችን ክረምት በመጣ ቁጥር አንዱ ጎኑ ያብጥና ይረግፍ ነበር፤ ባለቤቴ እቴነሽ ደግሞ የልብ በሽተኛ ናት። ሐኪሙ ፊት ለፊት ነግሮኝ ነበር፦ «በዚህ እርጥበት ሌላ ክረምት አትችልም።» ስለዚህ ቤቱ መሠራት ነበረበት፤ ዝናብ ሳይገባ መሠራት ነበረበት። እኔ ግን፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ቤት ስሥል የኖርኩ አርክቴክት፣ ያንን ፕላን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንድ ድንጋይ ማስቀመጥ ፈራሁ።

«ቅናት ነው፤ ማሽን ስለቀደመው ነው» የሚል አለ። ይበል። ቅናቱም አለ፣ አልክድም። የፈራሁት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ለመናገር ከድንጋይ ተሸካሚነቴ መጀመር አለብኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው። ከመንዝ ኮልፌ የመጣሁት ዘመድ ተጠግቼ ሲሆን ሥራዬ ድንጋይና ሲሚንቶ መሸከም ነበር። አንድ ቀን ካቦው ሰማያዊ ወረቀት ዘርግቶ ሲያፈጥበት ደረስኩ።

«ምንድነው?» አልኩት።

«ቤቱ ነዋ።»

«የቱ ቤት?»

«የምትሠራው ቤት፣ አንተ ደደብ! ጣሪያውን አንስተህ ከላይ ስታየው እንዲህ ነው።»

አጎንብሼ አየሁ። ክፍሎች አሉ፣ በሮቹ ሁሉ ተከፍተዋል፣ ሰው የለም። ፕላን ላይ በር ሁልጊዜ ተከፍቶ ነው የሚሣለው፤ ያኔ ይህን አላወቅሁም። ሁሉም ሰው ባንዴ ጥሎት የወጣ ቤት መሰለኝና ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። እስከ ዛሬ ማንም ፕላን ሲዘረጋ መጀመሪያ የሚሰማኝ እሱ ነው።

የመሠረተ ትምህርት ማታ ማታ መማር ስጀምር ፊደሎቹንም እንደ ቤት ነበር የማያቸው። «ሀ» ጣሪያ የሌለው ቤት። «በ» ወለል የሌለው ቤት። «መ» ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ክፍሎች። «ዐ» ደግሞ በር የሌላት ክፍል፤ እሷን ማየት አልወድም ነበር። አስተማሪዋ «አንተ ሰውዬ፣ ማንበብ ነው ወይስ መከራየት የምትፈልገው?» ብላ ክፍሉን አሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም። በሃያ አራት ዓመቱ «ሀ» ብሎ የሚጀምር ሰው የሚያስቀው ነገር ጥቂት ነው።

ማንበብ ስችል አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ተላላኪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙን አልናገርም፣ ያሳፍራል። የተመደብኩበት የንድፍ ክፍል ኃላፊ አቶ ገብረየስ ይባላሉ፤ ሲስቁ ታይተው የማያውቁ፣ ከሲታ፣ ቡናማ ጋዋን ለባሽ ሰው። ሻይ ሳመላልስ ዓይኔ ከሥዕሉ ላይ እንደማይነቀል አይተው «ና ተቀመጥ፤ መስመር አስምር» አሉኝ። አንድ ዓመት ሙሉ መስመር ብቻ አሰመርኩ። ቤት የለ፣ በር የለ፤ በተጣለ ወረቀት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ብቻ።

እርሳስ የሚቀርጹት በምላጭ ነው፤ መቅረጫ የሚሉትን ነገር ይጸየፉታል። ቅራፊውን መሬት አይጥሉትም፣ ኪሳቸው ይከቱታል። ረጅም መስመር ሲያሰምሩ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። «ትንፋሽህ መስመሩ ላይ ይታያል» ይሉኛል። መስመሩ ሲነሳም ሲያርፍም ጫን ማለት አለበት፤ መሐሉ ይቀላል። ማዕዘን ላይ ሁለት መስመሮች ተነካክተው ትንሽ ካልተላለፉ፣ ማስመሪያው ጣቴ ላይ ያርፋል። «ይሄ ቤት ዝናብ ያስገባል!» በር ከግድግዳ ማዕዘን አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ሲከፈት አልጋ እንዳይመታ። መስኮት የጠዋት ፀሐይ ከሚገባበት። እነዚህን ሁሉ ከመጽሐፍ አላገኘኋቸውም። በጣቴ አጥንት ነው የገቡት።

አንድ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። አንድ ቤት ተሥሎ ሲያልቅ፣ አቶ ገብረየስ ከሰደርያቸው ኪስ የታጠፈ መሐረብ ያወጣሉ። ውስጡ የአውራ ጣት አንጓ የምታህል ስስ እንጨት አለች። እሷን መጨረሻው መኝታ ቤት ውስጥ፣ አልጋው ከተሣለበት ላይ ያስቀምጧታል። ከዚያ በጥፍራቸው ቀስ አድርገው ይገፏታል፤ ከመኝታ ቤቱ በር፣ ኮሪደሩን ዞራ፣ በሳሎኑ አልፋ፣ እስከ አጥሩ በር። የሆነ ቦታ ከተያዘች ወረቀቱን ምንም ሳይናገሩ ወደ ሣዩ ይመልሱታል። አንድ ቀን ደፈርኩ።

«ጌታዬ፣ እሷ ምንድነች?»

«ሰው ናት።»

«የቱ ሰው?»

«የቤቱ ባለቤት።»

ከዚያ እርሳሳቸውን እየቀረጹ፣ እኔን ሳያዩ አጫወቱኝ። «ወጣት ሳለሁ የሠራሁት የመጀመሪያ ቤት ነው። ኮሪደሩ ጠባብ፣ ማዕዘኑ ሰባራ። ባለቤቱ ሲሞቱ የሬሳ ሳጥኑ አልዞር አለ። በጎን ሞከሩት፣ እምቢ። መጨረሻ ላይ አቁመው አወጧቸው። ግቢ ሙሉ ለቀስተኛ እያየ ሰውዬው ቆመው መጡ። ልቅሶው ጸጥ አለ። ሚስታቸው ብቻ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ‹መጣህ?› አሉ።»

ምላጩን አጠፉት። «ከዚያ ወዲህ ሰው የማይወጣበት ቤት አልሥልም።»

እንጨቷ ካለፈች በኋላ መንገዷን በጠንካራ እርሳስ፣ ዓይን በማያየው ቀጭን መስመር ያሰምሩታል። ከአልጋው እስከ አጥሩ በር። የመውጫ መስመር ይሉታል።

«ባለቤቱ ቢያየውስ?» አልኳቸው።

«አያየውም። ማንም አያየውም። እኔና አንተ እናውቀዋለን፤ ይበቃል።»

ያን መስመር እኔም ለመድኩት። የማታ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ከዚያ በኤክስቴንሽን አርክቴክቸር ተማርኩ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ልጆቹ አስተማሪ መስያቸው ተነሱልኝ፤ ተማሪ መሆኔ ሲገባቸው አንዱ «ጋሼ፣ ፈተና ላይ ከአጠገብዎ ነኝ» አለኝ። ዲግሪውን ይዤ ወጣሁ። ኃላፊ መጣ፣ ኃላፊ ሄደ፤ ማኅተም ከማድረግ በስተቀር ሥራ የማያውቁ ነበሩ፤ እነሱን ትቼያለሁ። የሣልኩት ቤት ሁሉ ግን የመውጫ መስመር አለው። እንደ እሳቸው፣ በጠንካራ እርሳስ።

አቶ ገብረየስ የሞቱት በመንግሥት የኪራይ ቤት ነው፤ ሌላ ሰው በሣለው ቤት። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። ሳጥኑ የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ተያዘ። ወደ ኋላ ብንል፣ ወደ ፊት ብንል እምቢ አለ። አንዱ የእድር ሰው «እናቁማቸው» ሲል «አይሆንም!» ብዬ ጮህኩ። የጮህኩት እኔ ነኝ፣ ድምፁ ግን የእኔ አልነበረም። አናጢ አስጠርቼ መቃኑን አስነቀልኩና እንደተጋደሙ አወጣናቸው። ባለቤታቸው ከአርባው በኋላ ያችን መሐረብ ሰጡኝ። «ላንተ ነው ያሉት» አሉኝ። እንጨቷ ውስጧ ነበረች።

መሥሪያ ቤቱ ሲፈርስ አየር ጤና ባለ አንድ የግል ቢሮ ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ብሩክ ይባላል፤ በዕድሜ ልጄ ይሆናል። የጴንጤ ልጅ ነው፣ ሲያወራ ፈጣን፣ ሰው የማይንቅ። ስለ እሱ ክፉ አልናገርም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በኮምፒዩተር መሣልን ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ወንበሩን ወደ እኔ ጎትቶ ተቀመጠ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ከአሁን በኋላ እኛ አንሥልም።»

«ማን ሊሥል ነው?»

«እሱ» አለኝ፣ በአገጩ ወደ ማሽኑ እያሳየ። «የድሮ ሥዕሎችዎን ሁሉ እናበላዋለን። የአስተማሪዎንም። ተምሮ ራሱ ይሥላል።»

መሥሪያ ቤቱ ሲፈርስ ሊጣሉ የነበሩትን ጥቅሎች ቤቴ አስቀምጬ ነበር፤ የአቶ ገብረየስንም የእኔንም። አመጣኋቸው። ብሩክ አንድ በአንድ ትልቁ ስካነር ውስጥ ያስገባቸዋል፤ ከመስታወቱ ሥር ነጭ ብርሃን ከዳር እስከ ዳር ይሄድባቸዋል። ሳምንታት ፈጀ። ከዚያ የአንድ ቦታ ስፋትና አቅጣጫ ሰጠውና «እንግዲህ ይዩልኝ» አለ።

ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ቤት መጣ። አየሁት፤ ሲኒውን አስቀመጥኩ። በሩ ከማዕዘኑ አንድ ስንዝር ራቅ ብሏል። መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ ላይ ነው። ማዕዘኖቹ ላይ መስመሮቹ ተነካክተው ትንሽ ተላልፈዋል። ኮምፒዩተር መስመር ማስተላለፍ አያስፈልገውም፤ እሱ ዘንድ ዝናብ የሚባል ነገር የለም።

«ማነው የሣለው?» አልኩ።

«ማንም» አለ ብሩክ እየሳቀ።

አቶ ገብረየስን አፈር ያለበስኩት በእጄ ነው። እጃቸው ግን እዚያ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የሥራ ዘመኔ ጥሩዎቹ ነበሩ። የአስኮን ዳገት፣ የወንዝ ዳር ቦታ፣ እንደ ሽብልቅ የጠበበ ጥግ ሁሉ እንሰጠዋለን። እኔ ቦታው ድረስ ሄጄ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ የጎረቤት ግድግዳ ጥላ የት እንደሚያርፍ ለክቼ እመጣለሁ፤ እሱ መዓት ቤት ያፈላል፤ እኔ አንዱን እመርጣለሁ። ደረጃ ያለቦታው ሲያስቀምጥ እሰድበዋለሁ፤ ብሩክ «ይሰማዎታል እኮ ጋሼ» እያለ ያፌዝብኛል። የመረጥነውን መልሰን እናበላዋለን፤ ከዚያ የተሻለ ያመጣል። በተሻለ ቁጥር ግን ቤቶቹ በአንድ ነገር እየተመሳሰሉ መጡ። ምን እንደሆነ ልለየው አልቻልኩም። ሥዕሉን ሳየው ያ የድሮው ብርድ ጀርባዬን ይነካኛል፤ ሁሉም ሰው ባንዴ የወጣበት ቤት።

አስኮ ላይ አንድ ነጋዴ የሚከራይ ባለ አራት ፎቅ ሊሠራ መጣ። ኮምፒዩተሩ ሣለው፣ እኛ ፈረምን፣ ተሠራ። ቆንጆ ሕንፃ ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ ሰው ገባበት። ዓመት ሳይሞላ ግን ነጋዴው ብሩክ ዘንድ እየጮኸ መጣ። «ሰው አይቆይልኝም! ይገባል፣ ይወጣል! በሮቹ ራሳቸውን ይከፍታሉ ይላሉ። ዕቃ ወደ ደረጃው ይንከባለላል ይላሉ። ወለሉን አጣማችሁብኝ!»

ብሩክና እኔ ውሃ ልክ ይዘን ሄድን። በየቤቱ ወለሉን ለካን። አረፋዋ መሐል ላይ ቆማለች፤ አንድ ፀጉር ያህል የተዘነበለ ነገር የለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት አገኘን። ወንበራቸውን ኮሪደሩ መሐል፣ በትክክል መተላለፊያው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ሳሎን አለ አይደል?» አላቸው ብሩክ።

«እየዘጋሁ ነዋ።»

«ምኑን?»

«ይሄን መንገድ።» በከዘራቸው ከመኝታ ቤታቸው እስከ ደረጃው አሳዩት። «ልጄ፣ ይሄ ቤት ሲወጡበት ነው የሚመች። ለመቀመጥ አልተሠራም። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ እግሬ ወደ በሩ ዞሮ አገኘዋለሁ። እዚህ ስቀመጥ ደግሞ ጎኔን ነካ አድርጎኝ የሚያልፍ አለ። ባለጌ አይደለም፤ ‹ይቅርታ እማማ› እንደሚል ሰው ቀስ ብሎ ነው።»

ብሩክ አየኝ። እኔ መኝታ ቤታቸው ገብቼ አልጋው አጠገብ ቆምኩ። ከአልጋው ራስጌ በመኝታ ቤቱ በር፣ በኮሪደሩ፣ በዋናው በር፣ በደረጃው መስኮት በኩል ወደ ቡራዩ የሚሄደው አስፋልት ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድም ነገር አይከልልም። ያኔ ምን እንደሆነ ገባኝ።

ቢሮ ስንመለስ የሕንፃውን ፕላን አሳትሜ መሐረቡን አወጣሁ። እንጨቷን ከአልጋው ላይ አስቀምጬ ነካ አደረግኋት። መግፋት አላስፈለገኝም ብል ትስቃላችሁ። አንዱንም ግድግዳ ሳትነካ ደረጃው ላይ ደረሰች። ሌላው ቤት ላይ ሞከርኩ። ሌላው ፎቅ ላይ። ሁሉም አንድ ነው።

«እሱማ ጥሩ ሰርኩሌሽን ነው፣ ጋሽ ደምሴ፤ ሰው ሳይደናቀፍ ይተላለፋል» አለ ብሩክ።

«ሰርኩሌሽን አይደለም። ሬሳ ማውጫ ነው።»

ታሪኩን ስነግረው ስቆ ሊተወው ነበር። ከዚያ አንዱን የአቶ ገብረየስ ስካን ከፈተ፤ ቀለሙን እያጠቆረ፣ እያጠቆረ ሄደ። ዓይን የማያየው መስመር ብቅ አለ። ሌላ ከፈተ። ሌላ። ቤቱ ሁሉ ይለያያል፤ ቪላ አለ፣ ባለ አንድ ክፍል አለ። የማይለየው መስመሩ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ ቤት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያውቀው የሚደጋገመውን ነው። አንድ ትምህርት ነበር በሁሉም ውስጥ ያገኘው፦ ቤት ማለት ሰው ከአልጋው ተነስቶ የሚወጣበት ነገር ነው። እኛም የመረጥነውን መልሰን ባበላነው ቁጥር ያንኑ አጸናንለት።

«በኢየሱስ ስም» አለ ብሩክ፣ በሹክሹክታ።

ነጋዴው ግድግዳ ለማዘዋወር ተስማማ። ግንበኛ ከመግባቱ በፊት ግን እማማ ጥሩነሽ ሞቱ። ወንበራቸው ላይ አልነበረም፤ አልጋቸው ላይ፣ እግራቸው ወደ በሩ ዞሮ። ቀብር ሄድኩ። ሳጥኑ ከሦስተኛ ፎቅ ሲወርድ ደረጃው ሥር ቆሜ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመኔ ሳጥን እንደዚያ ሲወርድ አላየሁም። ሳይዘነበል፣ ግድግዳ ሳይነካ፣ እየፈጠነ። ተሸካሚዎቹ እያለከለኩ ነበር ከኋላው የደረሱት። አንዱ የእድር ጎልማሳ ላቡን እየጠረገ «እኛ አልተሸከምናቸውም፤ ተከተልናቸው» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ አየሁት። ፊቱ አመድ ነበር።

ሕንፃው ባዶ ቀረ። ጥፋቱ እኔ ጋ መጣ። ስብሰባ ላይ «የቆሸሸ ዳታ ነው ያስገባነው» ተባለ። የአቶ ገብረየስ መስመር ቆሻሻ ሆነ! ተነስቼ «ቆሻሻው እናንተ ናችሁ!» አልኳቸው፤ ጡረታዬን ያፋጠነው እሱ ይመስለኛል። ብሩክ ሥዕሎቹን በሙሉ አጸዳ፤ መስመሩን ከእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አስጠፋ፤ ማሽኑንም እንደ አዲስ አስተማረው። አሁን የሚሥላቸው ቤቶች ሞቅ ያሉ፣ ጎንበስ ብለው የሚያቅፉ ናቸው። ደንበኛው ወዷቸዋል። አየር ጤና አካባቢ እየተሠሩ ነው። እንጨቷን ሞክሬባቸዋለሁ። በየትኛውም አታልፍም። ማንም ቅሬታ አላቀረበም፤ ሰው ገና አልሞተባቸውም።

ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ፕላንም ከዚያው ማሽን ነው የወጣው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እንጨቷን የመኝታ ቤታችን አልጋ ላይ አስቀመጥኩ። እቴነሽ ጋቢዋን ተከናንባ እያሳለች ከጎኔ ቆማለች። ገፋሁ። በሩ ጋ ተያዘች። አዙሬ ገፋሁ። ኮሪደሩ ላይ ተያዘች።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረን ስንኖር ስለ እንጨቷ ነግሬያት አላውቅም። ሰምታ ሰምታ፦

«እና ያቺ እንጨት እኔ ነኝ?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ብለሃል እንጂ! እኔ ገና ሳልገባበት አንተ እያወጣኸኝ ነው?» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ወንበር አቀረብኩላት።

በእጄ ልሣለው ወሰንኩ። እርሳስ በምላጭ ቀርጬ፣ ትንፋሼን ይዤ ሣልኩ። ሲያልቅ ከራስጌያችን እስከ አጥሩ በር ያለው ሁሉ በአንድ መስመር ተከፍቷል፤ ልክ እንደ አስኮው። ቀደድኩት። ሌላ ሣልኩ። በሩን አዛወርኩ፣ ኮሪደሩን አጠፍኩ፤ መጨረሻ ላይ ስመለከተው ያው ነው። እጄ ሌላ ቤት አያውቅም። ለካ ማሽኑ ከእኔ የወሰደው ይህን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ሁሉ መውጫ ስሥል ኖሬ፣ አንድ ሰው የሚቀመጥበት ቤት መሣል አልቻልኩም።

የመጀመሪያው ዝናብ ደመና በእንጦጦ በኩል መጥቆር ሲጀምር ሁለቱን ፕላኖች ጎን ለጎን አስቀመጥኩላት። የእኔን አየች። የማሽኑን አየች። ጣቷን የማሽኑ ላይ አሳረፈች።

«ይሄን።»

«እቴነሽ፣ ይሄ ሰው አያስወጣም እኮ።»

«ማን ልውጣ አለህ?»

አሠራሁት። ግንበኞቹ በግማሹ ክረምት እየረጠቡ ጨረሱት። ስንገባ የአልጋችን አንዱ እግር ተንቀጠቀጠ፤ እቴነሽ መሐረቡን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ፈታችና እንጨቷን ከአልጋው እግር ሥር ሻጠቻት። «አሁን ለሥራ ዋለች» አለች። አልጋው ጸጥ አለ።

ሐኪሙ አትችለውም ያለው ክረምት አለፈ። ሌላም አለፈ። ሳሏ ጠፍቷል፣ ጉንጯ ሞልቷል፣ ትስቃለች። ስለዚህ አላማርርም።

ብቻ አትወጣም። መጀመሪያ እሑድ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ለቤተ ክርስቲያን ትነሳና ኮሪደሩ ማዕዘን ላይ ስትደርስ ትመለሳለች። «ምን ነበር የረሳሁት?» ትለኛለች። ምንም አልረሳችም። አሁን ነጠላዋንም አትለብስም። የእድር ገንዘብ ልትሰበስብ የመጣች ጎረቤታችን ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጣ «እግሬ አልነሳ አለኝ እኮ» እያለች ስቃ ስቃ፣ ባሏ መጥቶ እጇን ይዞ አወጣት። እኔም ጋዜጣ ልግዛ ብዬ ወደ 18 ማዞሪያ ከሄድኩ ቆይቷል። ጫማዬ በሩ አጠገብ ነው፤ አቧራ ለብሷል። ይሄን የምጽፈው ሳሎን ተቀምጬ ነው። ከተቀመጥኩበት በሩ አይታይም።

ባለፈው ብሩክ መኪናውን አጥሩ በር ላይ አቁሞ ደወለልኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይውጡና እንይዎት እንጂ!»

«አንተ ግባ።»

«አይ፣ ቸኩያለሁ። ደጅ ይምጡ በቃ።»

«ራስህ የሠራኸው ቤት ነው፤ ምን ያስፈራሃል? ግባ!»

ስልኩን ዘጋው። ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁት። ብልህ ልጅ ነው።

እቴነሽ ደህና ናት፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሷ ነበረች። የራሴን ነገር ግን አውቀዋለሁ። የእኔ ተራ ሲደርስ የእድር ሰዎች ሳጥኑን በመኝታ ቤቱ በር ይሞክሩታል፣ በጎን ይሞክሩታል፣ እምቢ ይላቸዋል። መቃን የሚያስነቅል ሰው አይኖርም። አቁመው ነው የሚያወጡኝ። ግድ የለም። ስገባም በእግሬ ነው የገባሁት።